ስለ ሐይቁ ዳር መሬት ለአባቴ የተጻፈ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እናቴና እኅቶቼስ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «በሰው አገር የመሬት ሙግት ውስጥ ገባህ አሉ» ብለው መጨነቅዎን ሰማሁ። በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ነገሩን ከሥሩ ልጽፍልዎት ወሰንኩ። ሙግቱ የድንበር አይደለም፤ ማንም የማንንም መሬት አልገፋም።

የምኖርበት ሰፈር ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ አጠገብ ነው። በሐይቁ ዳር ዛፍና ቄጠማ የሸፈነው፣ ሁለት ሄክታር የማይሞላ ባዶ መሬት አለ፤ በከተማው ፕላን የተመደበው ለተራራቁ ነጠላ ቤቶች ነው። አሁን ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት መሬቱን ገዝቶ፣ ምደባው ተለውጦለት በግድግዳ የተያያዙ ፎቅ ቤቶችን በረድፍ ለመሥራት አመለከተ። በዚህ አገር መሬት የግል ቢሆንም ባለቤቱ ያሻውን አይሠራበትም፤ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲጠየቅ በምኖርበት በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ሕግ መሠረት በ350 ጫማ፣ ማለትም በ107 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ቤትና መሬት ላላቸው ሁሉ ከስብሰባው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ በፖስታ ይነገራቸዋል። ደብዳቤው ለእኔም ደረሰኝ።

የጎረቤቶቼ ስጋት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የመኪናውን ብዛት፣ ሌላው የቤቱን ዋጋ መውረድ ያነሣል። «ተከራይ ይበዛብናል» የሚሉትን ስሰማ ግን አዘንኩ፤ እኔም ለዓመታት ተከራይቼ የኖርኩ፣ ቤት አጥተው የሚንከራተቱ ወገኖቼን በየቀኑ የማይ ሰው ነኝና ቤት አይሠራ አልልም።

የእኔ ጭንቀት ውኃው ነው። ጣሪያና አስፋልት ዝናብ አይመጥም፤ የወረደው ሁሉ አፈሩንና የሣሩን ማዳበሪያ ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይጨምረዋል። እርስዎ ለገብሱ በሚጨምሩት ዳፕ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ የሚያበቅለው አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ የውኃ ሽፋን ነው፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ዓሣው ያልቃል። ስለዚህ ነው የዚህ ግዛት ደንብ ከሐይቅ እስከ 1000 ጫማ ባለው ክልል ውስጥ ከአንድ ይዞታ በጣሪያና በአስፋልት የሚሸፈነው ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ የሚያዘው። ድርጅቱ ከዚህ በላይ እንዲፈቀድለት ጠይቋል። ጉዳዩን በሰማው የከተማው የፕላን ኮሚሽን ስብሰባ ላይ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በነሐሴ ከሐይቁ የቀዳችውን ውኃ በጠርሙስ ይዛ መጥታ ከሰብሳቢዎቹ ፊት አስቀመጠችው፤ የጎመን ቅቅል ውኃ ይመስላል፣ ክዳኑ ሲከፈትም ሽታው የፊተኛው ወንበር ድረስ ደረሰ። ቤቶቹ ሳይሠሩ እንዲህ ከሆነ ከተሠሩ በኋላ ምን ሊሆን ነው?

ተራዬ ደርሶ 3 ደቂቃ ሲሰጠኝ በአገራችን በመንዝ ስላለው የሣር መሬት ስለ ጓሳ ተናገርኩ። የመንዝ አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት፣ ራሳቸው በመረጡት አባ ቄራ እየተመሩ፣ ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው ያቆዩት እንደነበር፣ ሲከፈትም ባለ መብቱ ሁሉ ለቤቱ ክዳንና ለገመዱ የሚሆነውን ያጭድ እንደነበር አስረዳሁ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ካፈረሰው በኋላ ጓሳው እንዴት እንደተጎዳም አልሸሸግሁም። ጓሳ ይጠበቅ ማለት ሣሩ አይነካ ማለት አልነበረም፤ በጊዜውና በልኩ ይታጨድ ማለት እንጂ። እኔም የጠየቅሁት ቤቶቹ ቁጥራቸው ቀንሶ ከዳሩ ራቅ እንዲሉ፣ ቄጠማው እንዳይነካ፣ የዝናቡም ውኃ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት ኩሬ እንዲቆፈር ነው። ቄጠማው ደለሉን የሚያስቀር ወንፊታችን ነውና ይህን አጥብቄ ተናገርኩ።

ኮሚሽኑ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ እርሱም በሚቀጥለው ወር ይሰበሰባል። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ «ሣሩ በተዘጋበት ዘመን ገብቶ ያጨደ ሰው ቅጣቱ ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። አያቴ ለእርስዎ ያወሩልዎትን፣ ሌሎች ሽማግሌዎችም የሚያስታውሱትን ጠይቀው፣ ከስብሰባው በፊት በእኅቴ ስልክ ድምፅዎን ቀድተው ይላኩልኝ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ አነብላቸዋለሁ።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ