ለቤተሰብ ሆቴል ሲፈለግ የአልጋ ዋጋ ብቻ አይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ ዓምዳችሁ በቅርቡ የወጣው ጽሑፍ ልጆቻቸውን ይዘው አንድን ከተማ ለመጎብኘት የሚያስቡ ወላጆች፣ ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ ከመሀል ከተማ ራቅ ያለ ሆቴል እንዲፈልጉ ይመክራል። ምክሩ ብቻውን ለሚጓዝ ጎልማሳ ሊሠራ ይችላል፤ ለቤተሰብ ግን ብዙውን ጊዜ የማያዋጣ ከመሆኑም በላይ ስለ ደኅንነት አንድም ነገር ስለማይል ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ዳር ያረፈ ቤተሰብ ጠዋት ሄዶ ማታ ሲመለስ የሚከፍለው የትራንስፖርት ሒሳብ በሰው ቁጥር ይባዛል፤ ቤተሰቡ በአንድ ታክሲ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ሁለት መያዝ ግድ ይላል። የትንሽ ልጅ ውሎም እንደ አዋቂ አንድ ወጥ አይደለም። ቀትር ላይ እንቅልፉ ሲመጣ ወይም ዝናብ ሲያበሰብሰው፣ ክፍሉ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ የሆነለት ቤተሰብ ገብቶ አርፎ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣል፤ ዳር ያረፈው ግን ወይ ልጁን እያስለቀሰ ይውላል፣ ወይ ጉብኝቱን በእኩለ ቀን አቋርጦ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ሆቴሎችን የሚያወዳድር ወላጅ የአልጋውን ዋጋ ከመጓጓዣው ጋር ደምሮ ቢያስብ፣ ውድ የመሰለው የመሀል ከተማ ሆቴል ብዙ ጊዜ ተመጣጣኝ ሆኖ ያገኘዋል።

የመሀል ከተማውንም ዋጋ ዝቅ የሚያደርጉ መንገዶች አሉ። ዋና ደንበኞቻቸው ለሥራ የሚመጡ ሰዎች የሆኑ ሆቴሎች ቅዳሜና እሑድ ክፍላቸው ስለሚራቆት ዋጋ ይቀንሳሉ። ሆቴሎች ደንበኛ ለሚያመጡላቸው የኢንተርኔት ድረ ገጾች ብዙ ጊዜ 15 በመቶና ከዚያም በላይ ኮሚሽን ስለሚከፍሉ፣ በቀጥታ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅ ቤተሰብ ቁርስ ወይም ተጨማሪ አልጋ ያለ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ በአብዛኛው ለሁለት አዋቂዎች የተሰላ ነው። የልጆቹን ቁጥርና ዕድሜ ሳይናገር ክፍል የያዘ ወላጅ፣ ሲደርስ የተጨማሪ ሰው ሒሳብ ይጠየቃል፤ ይባስ ብሎም ሁለተኛ ክፍል ካልያዝክ አትገባም ሊባል ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን ሁሉ ከመጀመሪያው በሚያሳዩት ዋጋ ውስጥ እንዲያካትቱ አስገድዷል፤ የመንግሥት ታክስ ግን አሁንም በኋላ ሊደመር ይችላል። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት አገር ጠቅላላውን ሒሳብ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ ማግኘት የወላጁ ፋንታ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ደኅንነት ነው። ብዙ ሰው የኮከብ ብዛትን የደኅንነት ማረጋገጫ አድርጎ ይወስዳል። ለኮከብ አሰጣጥ ዓለም አቀፍ የሆነ አንድ ወጥ መለኪያ የለም፤ በየአገሩ የሚሠራበትም በዋናነት ምቾትንና መስተንግዶን የሚመዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በላስ ቬጋስ ኤም ጂ ኤም ግራንድ ሆቴል የተነሣው እሳት የተቀጣጠለው መሬት ላይ ባለው ወለል ቢሆንም፣ ከሞቱት 85 ሰዎች አብዛኞቹ በላይኛዎቹ ፎቆች ላይ በጭስ ታፍነው ያለቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ በቱርክ ካርታልካያ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት በቤተሰቦች በተሞላ ሆቴል ውስጥ በተነሣ እሳት 78 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ልጅ ይዞ የሚያድር ሰው በጨለማና በጭስ ውስጥ መውጫ ሲፈልግ እንደ ብቸኛ እንግዳ ሊሮጥ አይችልም።

ስለዚህ ክፍል ሲያዝ ጭስ ጠቋሚ መሣሪያ መኖሩን፣ መውረጃ ደረጃውም ከአንድ በላይ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከ6ኛ ፎቅ በላይ ያለ ክፍልንም ለእሳት አደጋ መሰላል አስቸጋሪ ስለሚሆን ባይቀበሉት ይሻላል። ሆቴሉ ሲደረስ ደግሞ ሻንጣ ሳይፈታ ልጆቹን ይዞ እስከ አደጋ ጊዜ መውጫው መሄድና ከክፍሉ እስከዚያ ያሉትን በሮች መቁጠር ይገባል፤ ጭስ ሲሞላ ዐይን የማያየውን እጅ እየዳሰሰ ያገኘዋልና። እኔ ራሴ በአንድ ሆቴል የመውጫው በር በሰንሰለት ተቆልፎ፣ ፊት ለፊቱም ትርፍ ፍራሾች እስከ ጣሪያ ተደርድረው አይቻለሁ። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ የሰጠኝ መልስ ቁልፉ ከጥበቃው ዘንድ አለ የሚል ነበር። በረንዳ ካለም በአጥሩ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ትንሽ ልጅ ሊሾልክበት ስለሚችል፣ በብዙ አገሮች የሕንፃ ሕግ የተከለከለ ነው።

የአካባቢውን ሁኔታ በተመለከተ፣ «ከመሀል ከተማ 1 ኪሎ ሜትር» የሚለው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ መስመር የተለካ እንጂ በእግር የሚኬደውን የሚያሳይ አይደለም። መንገዱ ማታ መብራት እንዳለውና ከሆቴሉ ሥር የምሽት ጭፈራ ቤት እንደሌለ ለማወቅ፣ በቅርብ ወራት ልጆች ይዘው ያረፉ እንግዶች የጻፉትን አስተያየት ማንበብ ከሆቴሉ ፎቶግራፎች ይልቅ ይረዳል።

ዝግጅት ክፍላችሁም ወደፊት ሆቴሎችን ለአንባቢ ሲያስተዋውቅ፣ ለሁለት አዋቂዎችና ለሁለት ልጆች የሚከፈለውን ጠቅላላ ዋጋ ታክሱን ጨምሮ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫዎቹን ብዛትና ክፍት መሆናቸውን፣ እንዲሁም ጭስ ጠቋሚ በየክፍሉ መኖሩን ሆቴሎቹን ጠይቆ መልሳቸውን እንዲያትም፣ መልስ ያልሰጡትንም በዚያው ዓምድ እንዲገልጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፤
የጋዜጣችሁ አንባቢ