ደብዳቤ ለልጄ፦ በዚህ ክረምት አንድ ኮርስ ብቻ ውሰጂ

የኔ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ ተመለሰልሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ጅማ እንደምታውቂያት ነች፤ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም አይልም። የአዌቱ ወንዝ ሞልቷል። አባትሽ ትናንት ከአጋሮ ተመልሶ የቡናው ፍሬ ጥሩ ይዟል ብሎናል፣ እግዚአብሔር ይጠብቀው።

በስልክ ያልሽኝን ስሰማ ወዲያው መልስ ያልሰጠሁሽ ልከለክልሽ ፈልጌ አይደለም። ክረምቱን አዲስ አበባ ቆይተሽ ሦስት ኮርስ ልትወስጂ ማሰብሽ ጉብዝናሽን ነው የሚያሳየው። ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ሲባል በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ተጽፎ ሲመጣ ደጋግመሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው።

ሐሳቤ ይኸውልሽ። በሁለተኛው ሴሚስተር ታይፎይድ ይዞሽ ያቋረጥሽውን ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ ሁለትን ውሰጂ። ሌሎቹን ሁለቱን ተያቸው።

ያንን ኮርስ ሳትጨርሺ ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ መመዝገብ አትችዪም። እሱ ደግሞ እናንተ ጋ የሚሰጠው በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ እንደሆነ ራስሽ ነግረሽኛል። እንግዲህ መስከረም ላይ ባዶ እጅሽን ከደረስሽ ከኋላው የተሰለፉት ኮርሶች ሁሉ ዓመት ይገፋሉ። ጓደኞችሽ ሲመረቁ አንቺ ትቀሪያለሽ። ስለዚህ ይሄኛው በክረምት ቢወሰድ አንድ ሙሉ ዓመት ያተርፍልሻል። ለእሱ ገንዘብም ጉልበትም ቢወጣ አይቆጨኝም።

ሌሎቹ ሁለቱ ግን መንገድ የሚዘጉብሽ አይደሉም። አሁን ብትጨርሻቸውም የምረቃሽን ቀን አያቀርቡትም፤ ዋና ዋናዎቹ ኮርሶች ተራቸው በዓመት አንዴ ነውና የግድ መጠበቅ አለብሽ። የሚቀጥለው ዓመት ይቀልልኛል ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። እስቲ ዋጋውን አብረን እናስላው።

ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በመደበኛው ጊዜ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው፤ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል። ክረምት ላይ ይኸው 48 ሰዓት በ8 ሳምንት ያልቃል። በሳምንት 6 ሰዓት ክፍል መግባት ማለት ነው። ለአንድ ሰዓት ክፍል ሁለት ሰዓት ለብቻሽ ብታነቢ፣ አንድ ኮርስ በሳምንት 18 ሰዓት ይወስድብሻል። ይሄ ይቻላል፤ እንቅልፍም ምግብም ይኖርሻል። ሦስት ሲሆኑ ግን 54 ሰዓት ይሆናል። የሠራተኛ ሕጉ እንኳን መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። አንቺ ደግሞ ከአልጋ ከተነሳሽ ገና ቅርብሽ ነው።

ይህን ከወረቀት አንብቤ አይደለም የምነግርሽ። ዲግሪዬን የያዝኩት በክረምት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው። እንደኔ ያለ የአንደኛ ደረጃ መምህር ከተማውን ሳይለቅ ዲግሪ መማር የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰኔ ላይ የተማሪዎቻችንን ውጤት አስረክበን ሐምሌ ላይ እኛው ተማሪ እንሆናለን። ከከፋ የመጣ አለ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉባቦር። ጡት የሚጠባ ልጅ ከነሞግዚቱ ይዘው የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ በእረፍት ሰዓት ሮጠው ወጥተው አጥብተው ይመለሳሉ። ዛሬም ድረስ ሳስባቸው አከብራቸዋለሁ። አንቺን ያኔ አያትሽ ነች የያዘችልኝ፣ ነፍሷን ይማረው።

እዚያ ያየሁት አንድ ነገር አለ። የክረምት ትምህርት ሰውን የሚጥለው ከባድነቱ አይደለም። የቀረሽበት ቀን ነው። በመደበኛው ጊዜ አንድ ቀን ብትቀሪ ከጓደኛሽ ኖት ወስደሽ በሳምንቱ መጨረሻ ትደርሺባቸዋለሽ። ክረምት ላይ አንድ ቀን የሁለት ቀን ያህል ነው፤ በማግስቱ መምህሩ ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ነው። በተለይ አካውንቲንግ የትናንቱ ካልገባሽ የዛሬው አይገባሽም። ስለዚህ የዕለቱን በዕለቱ ሥሪ። ማታ መብራት ሊጠፋ ይችላልና ቀን በብርሃን መልመጃውን ጨርሺ። ማስታወሻ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ እስክሪብቶ ይዘሽ ጆርናሉን ራስሽ መዝግቢ፣ ሌጀሩን ራስሽ አመጣጥኚ።

ደግሞ አስቢ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ መውጫ ፈተና ምረቃ የለም። ከ50 በታች ያመጣ ዲግሪውን አይወስድም። በነሐሴ ዝናብ ተሯሩጠሽ በሲ ውጤት ያለፍሽው ኮርስ በመጨረሻው ዓመት ተመልሶ ፊትሽ ይቆማል። ቡናን ሳይቀላ የለቀመ ሰው ማሳውን ቶሎ ይጨርሳል፣ ገበያ ላይ ግን አያዋጣውም። የአባትሽ ልጅ ነሽና ይሄን ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ብር ከመክፈልሽ በፊት ሬጅስትራር ሂጂና ክፍሉ በእርግጥ መከፈቱን ጠይቂ። ተመዝጋቢ ሲያንስ ኮርስ ይሰረዛል። ከተሰረዘ ብሩ ይመለሳል ወይስ ለመስከረም ይያዛል? እሱንም ጠይቂ። ክፍያው በክሬዲት ይሁን በኮርስ፣ የፈተናው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስተምር አጣሪ። ከዲፓርትመንት ኃላፊው ጋር ቁጭ በይና ከክረምቱ በኋላ በመጀመሪያው ሴሚስተር ኢንተርሚዲየት እንደሚመዘግቡሽ አረጋግጪ። ያሉሽን በወረቀት እንዲሰጡሽ ጠይቂ። አታፍሪ፣ ሰው ይለወጣል፣ ወረቀት ግን ይቀራል።

ጅማ መጥቼ እዚህ ባለ ኮሌጅ ልውሰደው ወይ ብለሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱን ስትዪኝ ልቤ ዘለለ። ወንድምሽማ ክፍልሽን መጥረግ ጀምሯል። ግን ናፍቆቴ ሌላ፣ ትምህርትሽ ሌላ። እዚህ የወሰድሽውን እዚያ ካልተቀበሉሽ ክረምቱም ብሩም ባከነ። ኃላፊው የኮርሱን ዝርዝርና ክሬዲቱን አይቶ እንቀበላለን ብሎ ፈርሞ ከሰጠሽ፣ ነገ ተነስተሽ ነይ። ካልሰጠሽ እዚያው ጨርሺው። ፈተናሽ ሲያልቅ መጥተሽ እንቁጣጣሽን አብረን እንውላለን፣ ዶሮውን አንቺ ትሠሪያለሽ።

ስለ ገንዘቡ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው በግልጽ የምጽፍልሽ። የቡና ብር የሚገባው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ቤት ጠበብ የሚሉ ወራት ናቸው፣ መስከረም ላይ ደግሞ ያንቺም የወንድምሽም ምዝገባ አለ። የሦስት ኮርስ ብር አሁን ከየትም አይመጣም፣ ብድር ካልገባን። የአንዱ ግን አለ። የዚህ ወር እቁብ የእኔ ነው፣ ለእሱ ብዬ ነው ተራዬን ያስጠበቅሁት። አንቺ ጋ ሲደርስ ከምግብሽ አታጉድዪ፤ ለቤት ኪራዩ ለብቻው እንልካለን።

ውሃ አፍልተሽ ጠጪ። ክረምት ላይ ታይፎይድ ይበዛል፣ አንዴ የያዘውንም ሰው ተመልሶ ሊይዘው ይችላል። ፍልሰታን እጾማለሁ ካልሽ መጀመሪያ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ መድኃኒት ገና የጨረሰች ልጅ ነሽ። ከክፍል ውጪ ያለውን ጊዜ ደግሞ ተኚበት፣ ከጓደኞችሽ ጋር ሻይ ጠጪበት፣ ኤክሴል መልመድ እፈልጋለሁ ስትዪ አልነበር? እሱን ያለ ክፍያ ከስልክሽም መጀመር ትችያለሽ።

ሰኞ ሬጅስትራር ሂጂና ማታ ደውዪልኝ። ኃላፊውን ካላገኘሽው ማክሰኞም ተመልሰሽ ሂጂ። እቁቡ ረቡዕ እጄ ይገባል፣ ትክክለኛውን ክፍያ ከነገርሽኝ በዚያው ቀን በቴሌብር እልክልሻለሁ።

እናትሽ
ከጅማ