ጎርጎራ ላይ አንድ ቋሚ ትከሉልን

ይድረስ ለጋዜጣችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ስለ ጣና ዳርቻ መዝናኛ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሆቴሉ ተነስቷል፣ ሞተር ጀልባው ተነስቷል፣ የእንግዳ ማረፊያው ተነስቷል። ሸጋ ነው። የራሱን ትንሽ ጀልባ ይዞ ውኃ የሚገባ ሰው ግን አንድ መስመር እንኳ አልደረሰውም። እንዲህ ያለ ሰው የለም ብላችሁ ከሆነ አለ፣ አንዱ እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አንዲት ናት፦ ጎርጎራ ላይ፣ ጀልባ ከሚወጣበት ዳርቻ በላይ፣ ገመድ የሚታሰርበት አንድ ጠንካራ ቋሚ ይተከልልን። በቃ። ምክንያቱ ግን ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው። ጎንደሬንና ጀልባን ምን አገናኛቸው የሚለኝ ብዙ ነው፤ ጣና ሲባል ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ብቻ ትዝ ይለዋል። ጎርጎራ እኮ ከእኛ በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ሲኬድ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጀልባዬ የእንጨት ናት፣ ባለ አንድ ሸራ፣ ሁለት ሰው ከገባባት የምትሞላ። ሞተር የላትም፣ የነዳጅ ሰልፍ አታውቅም። ነፋስ ሲኖር ትሄዳለች፣ ነፋሱ ሲተኛ እሷም እኔም ቁጭ ነው።

ውኃው ላይ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ተመልሼ ዳር ስደርስ፣ ያችን ጀልባ ዳገቱን ብቻዬን ወደ ደረቅ መሬት ማውጣት ሲኖርብኝ ነው።

ውኃው ላይ አስሮ መሄድ አይቻልም ወይ ትሉ ይሆናል። አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነሳና ማዕበሉ የታሰረ ጀልባ ከድንጋይ ጋር ሲያጋጭ ያመሻል። በዚያ ላይ እምቦጩ አለ። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የምናውቀው ይሄ አረም በነፋስ እየተገፋ ይመጣና ጀልባው ላይ ይከመራል፣ ገመዱን ይወጥረዋል፣ ጠዋት ስትመጣ ጀልባህ የት እንዳለች መፈለግ ነው። ታንኳ ሠሪዎቹ ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ስለዚህ ሥራውን ሲጨርስ ወጥቶ፣ ዛፍ ተደግፎ ቆሞ ይደርቃል። የእነሱ ግን ቀላል ነው፣ ይሸከሙታል። የእኔዋን መሸከም የሚያምረው ካለ ይምጣ።

ሌላው ምክር ሁሌም ያው ነው። «ኧረ ጋሼ፣ ምን ያለፋዎታል? ልጆቹን ይጥሯቸው እንጂ!» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? አራት ጎረምሳ ከተገኘ ጀልባዋ አምስት ደቂቃ አትፈጅም። ግን ጎረምሶቹ የሉማ! በሥራ ቀን ተማሪው ትምህርት ቤት ነው፣ ዓሣ አጥማጁ ውኃ ላይ ነው፣ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ ከእኔም ይብሳሉ። አንዳንድ ጊዜ ሰው ይገኝና የሚጠራው ዋጋ ጀልባዋን ሸጬ እንድገላገል ያሳስበኛል። ስለዚህ ብቻዬን ማውጣትን መማር ነበረብኝ፣ ተማርኩም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንየው። ጀልባዬ ከነዕቃዋ 130 ኪሎ ገደማ ትሆናለች። (ሌዘር የሚባለው፣ ዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው የአንድ ሰው ጀልባ፣ አካሉ 59 ኪሎ ብቻ ነው። እሱ የፋይበር ነው፣ እኔ ጋ ያለው ሳንቃ።) ዳርቻው በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። እንዲህ ያለ ዳገት ራሱ የሚጠይቀው ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ነው፣ ማለትም 13 ኪሎ። ይሄ ምንም አይደል፣ የሕፃን ልጅ ክብደት ነው። የሚገለው ፍትጊያው ነው። የእንጨት ሆድ አሸዋና ጠጠር ላይ ሲጎተት የክብደቱን ግማሽ ያህል ይይዝሃል። ሁለቱን ስትደምረው ወደ 80 ኪሎ መሳብ ማለት ነው፣ ያውም እግር በሚያንሸራትት መሬት ላይ። ሰዉ ግን ሁልጊዜ ዳገቱን ነው የሚረግመው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማቅለል ነው። ምሰሶው ይነቀላል፣ ሸራው ይጠቀለላል፣ መሪውና ወደ ውኃ የሚወርደው ሳንቃ ይወጣሉ። ከዚያ ውኃው። ጀልባ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ አይታይም እንጂ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት ጀሪካን የሚሞላ ውኃ ይዞ ዳገት መውጣት 40 ኪሎ ጤፍ ጭኖ እንደመሳብ ነው። ውኃው ሳይፈስ ገመድ አይነካም።

ሁለተኛው ሥራ ፍትጊያውን መግደል ነው። ለዚህ የባሕር ዛፍ አጣና የመሰለ ነገር የለም። ከእግር ጭን ያልቀጠነ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ሦስት ቁራጭ ይበቃል። አፍንጫዋን ብቻ ከፍ አድርጎ አንዱን ማስገባት፣ ትንሽ መግፋት፣ ሁለተኛውን ማስገባት፣ ከኋላ የተለቀቀውን አንስቶ ወደ ፊት መውሰድ። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ አጣናው ራሱ ይሰምጣልና ከሥሩ ሁለት ጣውላ እንደ ሐዲድ ይነጠፍለታል። ነፋሱ በትንሹ የተቀነሰለት የመኪና የውስጥ ጎማም ይሠራል፣ አሸዋ ላይ እንዲያውም ከአጣናው ይበልጣል፣ ሹል ድንጋይ እስኪያገኘው ድረስ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። አጣናው ልክ ከመሐሏ ሥር ሲገባና ጀልባዋ ሚዛን ስትይዝ፣ 130 ኪሎዋ በአንድ እጅ ትዞራለች። አፍንጫዋን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ኋላዋን ወደ ቀኝ፣ እንደገና አፍንጫዋን። እንዲህ እያራመዱ ከድንጋይ መሐል ማውጣት ይቻላል። የሚያይ ሰው የምጨፍር ይመስለዋል።

ከኋላ ደግሞ ታኮ። ይሄ አይታለፍም። አጣና ላይ ያለች ጀልባ ወደ ላይ እንደምትሄደው ሁሉ ወደ ታችም ትሄዳለች፣ ወደ ታች ስትሄድ ደግሞ ማንንም አታስፈቅድም። እያንዳንዱ ግፊት ካለቀ በኋላ ከሥሯ ድንጋይ ወይም ሽብልቅ እንጨት ይገባል፤ ሰው ከታች በኩል አይቆምም፤ ገመድ እጅ ላይ አይጠመጠምም። ናይለን ገመድ ሲወጠር ይለጠጣል፣ ከተበጠሰ አለንጋ ነው። እኔ ረጠብ ያለ አሮጌ ጋቢ መሐሉ ላይ ጣል አደርግበታለሁ፣ ቢበጠስ ጋቢው ኃይሉን ይውጠዋል። ባለቤቴ ስለ ጋቢው የምትለው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ገመዱ መጣን። ጉዳዩም እዚህ ነው ያለው።

የገመዱ ጫፍ ከዳገቱ በላይ ቋሚ ላይ ታስሮ፣ ጀልባዋ ላይ በተሰቀለ አንድ ፑሊ ዞሮ ወደ እጅ ሲመለስ፣ የሚያስፈልገው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛ ፑሊ ቋሚው ላይ ተጨምሮ ገመዱ ከጀልባዋ ሲጀምር ሲሶ ይሆናል። ፑሊው ራሱ ትንሽ ይበላል፣ ነፃ ነገር የለም፤ ጀልባዋ አንድ ሜትር እንድትወጣ ሦስት ሜትር ገመድ መሳብም አለ። ምን ቸገረኝ፣ ጊዜ አለኝ።

ፑሊ የሌለው ሰው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፣ ጭቃ የያዘው ሾፌር ያውቀዋል። ገመዱ ከጀልባዋ እስከ ቋሚው ድረስ ተወጥሮ ይታሰራል። ከዚያ ወደ ፊት መሳብ ቀርቶ መሐሉ ላይ ወደ ጎን መግፋት ነው። ገመዱ አሥር ሜትር ቢሆንና መሐሉ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ቢገፋ፣ ጀልባዋ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከተገፋበት አምስት እጥፍ ይሆናል። ሃያ ኪሎ ገፍቼ መቶ ኪሎ እስባለሁ ማለት ነው። ጀልባዋ የምትራመደው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ታኮ ማስገባት፣ ገመዱን መልሶ ማሳጠር፣ እንደገና መግፋት። አሰልቺ ነው፣ ግን አይከዳም። በተለይ መጀመሪያ ላይ ጭቃው ሆዷን መጦ ሲይዝ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ግን ገመዱ የሚታሰርበት የማይነቃነቅ ነገር ካለ ብቻ ነው። የለም። ዛፉ ሩቅ ነው፣ ቅርብ ያለውም የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ገመድ አላስርበትም። ድንጋዩ ስትስበው ተንከባሎ ወዳንተ ይመጣል። ችካል ብትመታ ሁለተኛው ስበት ላይ ይነቀላል። ግንድ አግድሞ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ገመዱን ከመሐሉ ማውጣት ጥሩ መላ ነው፣ አሸዋ ውስጥ በደንብ ይይዛል። ይህንንም ሠርቼው ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል፣ ግንዱን ለማገዶ ወስደውታል። አልፈርድም፣ ማገዶ ተወዷል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ሲያስወስዱ መድፉ ሰባት ቶን ገደማ ነበር። በመንኮራኩር ተጭኖ፣ መንገድ ከፊት ከፊቱ እየተጠረገለት፣ በብዙ ሰው ጉልበት ወጣ። እኔ መንገድ ጥረጉልኝ አላልኩም። የሲሚንቶ መውጫ ይፈሰስልኝም አላልኩም፤ ሲሚንቶ ውኃ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ያወጣና እግር ይሰብራል። ዊንች (ገመድ እየጠመጠመ የሚስብ መሣሪያ) ይገዛም አላልኩም፣ ዊንች ቁልፍ ይፈልጋል፣ ቁልፍ ያዥ ይፈልጋል፣ ቁልፍ ያዡ ደግሞ ምሳ ሄዷል። የጠየቅሁት አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ተቆፍሮ በኮንክሪት የተቀበረ፣ ጫፉ ላይ ቀለበት የተበየደበት ነው። ማንም ነቅሎ ሊወስደው የማይችል፣ ማንም ሳያስፈቅድ የሚጠቀምበት።

ለእኔ ብቻም አይደለም። ዓሣ አጥማጆቹ የእንጨትና የፋይበር ጀልባቸውን ለጥገና ሲያወጡ ወገባቸው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ሌላም ነገር አለ፣ ሰው ብዙ አያስበውም። ጎርጎራ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ፣ የሚይዘው ደግሞ ዳር ላይ ባለው የተኛ ውኃ ውስጥ ነው። ጀልባ እየገፋ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆም ሰው ለዚያ ተጋልጧል። ገመዱ ከላይ ከታሰረ ሥራው የሚሠራው ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ነው። እግረ መንገዴን ለጀልባ ባለቤቶች፦ ጀልባችሁ ስትወጣ ሆዷ ላይ የተጣበቀውን እምቦጭ ለቅማችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ከቁራጩ መልሶ የሚበቅል ጉድ ነው፣ ወደ ሌላ ቦታ ይዛችሁት እንዳትሄዱ።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ብዬ ላብቃ፣ ምክንያቱም የሚተክለው አካል እዚህ ላይ እንዳይቸገር እፈልጋለሁ። ጣና ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምም። ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ከዚያ እየጎደለ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቅድም ባልኳችሁ ዳገት ላይ አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ አለ ማለት ውኃው አሥራ አምስት ሜትር ሸሸ ማለት ነው። በጋ ላይ መጥቶ ውኃው አጠገብ ቢተክለው መስከረም ላይ ቋሚውን ዓሣ ነው የሚጠቀምበት። ስለዚህ ምልክቱ ጥቅምት ላይ፣ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ፣ ከውኃው ጠርዝ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ይደረግ። ቁፋሮው ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ ይሁን። ገመዱን ግድ የላችሁም፣ እያንዳንዳችን ረዘም ያለ ገመድ ይዘን እንመጣለን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከጎንደር