የፈቃድ ምርጫችንን ቅዳሜ እንወስን

ሰላም የቡድናችን አባላት፣

የአማርኛ ሆሄያት ማረሚያችን በየትኛው ፈቃድ እንደሚለቀቅ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ስድስት ኪሎ በተለመደው ቦታችን እንወስናለን።

«ነፃ ሶፍትዌር (ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው የሚችል ሶፍትዌር) አይሸጥም» የሚባለው ልክ አይደለም፤ የምንመርጥባቸው ሁለቱ የነፃ ሶፍትዌር ፈቃዶች፣ ጂፒኤልም ኤምአይቲም፣ መሸጥን ይፈቅዳሉ። ጂፒኤል ግን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ድርጅት ምንጭ ኮዱንም (ፕሮግራመሮች የጻፉትን ጽሑፍ) ለተቀባዮቹ በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ኤምአይቲ የቅጂ መብትና የፈቃድ ማስታወቂያው እስካልተሰረዘ ድረስ ምንጭ ኮዱን ዘግቶ መሸጥንም አይከለክልም። ኮዱን በራሱ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚያስኬደውን ጂፒኤል አይነካውም፤ ለዚያ ኤጂፒኤል የሚባል ሌላ ፈቃድ አለ። የሁለት ዓመት ልፋታችን በሌላ ድርጅት እጅ ተቆልፎ እንዳይቀር ስለምፈልግ እኔ ለጂፒኤል አደላለሁ።

ኮድ የጻፋችሁ ሁሉ መስማማት አለባችሁ። የተጠቀማችሁባቸውን የሌሎች ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ከነፈቃዳቸው ዘርዝራችሁ አምጡ። የማትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ምርጫችሁን እዚሁ ጻፉልኝ።