ከሣልስት በኋላ ስለሚደረግ ጥየቃ

ውድ የጽዋ ማኅበራችን አባላት፣

ለቅሶ ቤት እስከ ሣልስት ሰው አይጠፋበትም። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድም ከጅማ ወደየቤቱ ሲመለስ ግን ቤቱ ጭር ይላል፤ ኀዘኑ የሚበረታው ያኔ ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው ያረፉባቸውን እናታችንን እስከ አርባው ድረስ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆንን እንጠይቃቸው። ከዚያ ከበዛን መስተንግዶ ያስጨንቃቸዋል። ቡናውንም ዳቦውንም ይዘን እንሂድ፤ ጀበናውን የምንጥደው እኛ ነን። ክረምት ስለሆነ ጠዋት ይሻላል።

«እግዚአብሔር ወዶ ነው፣ በቃ አያልቅሱ» አንበል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መቀመጣቸው መልካም ነበር፤ የጎዱት መናገር ሲጀምሩ ነው። ስለ ሟቹ ካነሡ እናድምጥ፤ ስማቸውን ለመጥራትም አንፍራ። ከመነሣታችን በፊት መዝሙር 22ን (በሌላው አቆጣጠር 23)፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን፣ በቀስታ እናንብብላቸው። መዝሙሩ የሞት ጥላ የለም አይልም፤ በዚያ መካከል «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ይላል። ለኀዘንተኛ ከዚህ የሚበልጥ ማጽናኛ አናውቅም።

ተራው ደርሶት የማይመቸው ሰው ከአንድ ቀን በፊት ለማኅበሩ ሙሴ (ለሰብሳቢው) ይንገር፤ ሌላ ሰው ይተካል። አንድ ሳምንት እንኳ ከተዘለለ ተረሳሁ ይላሉና።