ያ ቃል ለእርስዎ አልተነገረም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ልጅዎ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው። ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ እንድታነብልዎ፣ መስማቱ ካደከመዎትም በሁለት ቀን ከፍላ እንድታነብልዎ አደራ ብያታለሁ። በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ «ተወው ልጄ» ሲሉኝ አንደበቴ ይያዛል፤ ስለዚህ መጻፉን መረጥሁ።

ነገሩ ይህ ነው። እህቴ እንደ ነገረችኝ፣ ከሁለት ወር ወዲህ በጾሙም በፍስኩም ቀን እህል የሚቀምሱት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ለምን ብላ ብትጠይቅዎ፣ አንድ ሰባኪ ርኩስ መንፈስ ስለሚጥለው ብላቴና የሚናገረውን የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 9 አንብቦ «ይህ ወገን በጸሎትና በጦም ካልሆነ በምንም ሊወጣ አይችልም» የሚለውን ቃል ሲያስተምር፣ ልጁ ያልዳነለት ወላጅ የራሱን እምነት ይመርምር ማለቱን ነገሯት። ቀጥለውም ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጥለኝን በሽታ አንሥተው «ልጄ እስከ ዛሬ ኪኒን የሚውጠው እኔ ያኔ ሳልጾምለትና ሳላምንለት ቀርቼ ነው» አሉ። አባባ፣ ይህን ስሰማ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከደንሁም። ሲነጋ ያንኑ ምዕራፍ ገልጬ አነበብሁት፤ ከዚያም ወዲህ ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እየደጋገምሁ አነብበዋለሁ። ያገኘሁትን በፊትዎ ላቀርብ እወዳለሁ፤ ላስተምርዎ አይደለም፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት።

ጌታ ከጴጥሮስ፣ ከያዕቆብና ከዮሐንስ ጋር መልኩ ከተለወጠበት ተራራ ሲወርድ ከታች የቀሩት ዘጠኙ ደቀ መዛሙርት በሕዝብ ተከበው ከጻፎች ጋር ሲከራከሩ አገኛቸው። በቡሄ ማታ ችቦውን ሲለኩሱልን «ይህ የዚያ ተራራ ብርሃን ነው» ይሉን የነበረው ትዝ ይለኛል። የተራራውን ነገር በየዓመቱ በችቦና በሙልሙል እናከብረዋለን፤ በዚያው ሰዓት ከተራራው ሥር ልጁን ይዞ ቆሞ የነበረውን አባት ግን እኔ ራሴ እስካሁን አላሰብሁትም ነበር። የታመመ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው በመካከላቸው ቆሞ ሳለ ሊቃውንቱና ደቀ መዛሙርቱ ይከራከራሉ። ጌታ ስለ ምን እንደሚከራከሩ ሲጠይቅ ከተከራካሪዎቹ አንድም ሰው አልመለሰም፤ የመለሰው ያ አባት ነው። ልጄን አምጥቼልሃለሁ፣ በያዘው ስፍራ ሁሉ ይጥለዋል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይደርቃል፤ እንዲያወጡለት ደቀ መዛሙርትህን ብለምናቸው አልቻሉም አለው።

«የማታምን ትውልድ ሆይ፥ እስከ መቼ ከእናንተ ጋር እኖራለሁ?» የሚለው ተግሣጽ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰባኪው ይህን ቃል በወላጅ ላይ አሳረፈው። ወንጌሉ ግን «አላቸው» ይላል እንጂ «አለው» አይልም። ያልቻሉት ደቀ መዛሙርት፣ የሚከራከሩት ጻፎች፣ ለማየት የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ በዚያ «ትውልድ» ውስጥ አሉበት፤ አባትዬውን ለይቶ የሚወቅስ ቃል አላገኘሁም። ተግሣጹም ሳይበርድ ወዲያው የተከተለው «ወደ እኔ አምጡት» የሚል ጥሪ ነው።

ብላቴናውን ሲያመጡት መንፈሱ አንፈራገጠው፤ በምድርም ወድቆ አረፋ እየደፈቀ ተንከባለለ። ጌታ ግን ወዲያው አልገሠጸውም። ወደ አባትዬው ዘወር ብሎ «ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው?» ሲል ጠየቀው። አባባ፣ እዚህ ጥያቄ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ለምን ጠየቀ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያ ሰው ያን ሁሉ ዓመት ብቻውን የተሸከመውን አንድ ጊዜ እንኳ አውጥቶ እንዲናገር ፈልጎ ነው። ከጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሷ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቅዎ «ከአራት ዓመቱ ጀምሮ» ብለው ድምፅዎ ሲቆረጥ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ቀን በፊት ስንት ጊዜ እንደ ወደቅሁ እንጂ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተሸከሙኝ የጠየቀዎት ሰው አልነበረም።

የወንጌሉ አባት «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው» አለ፤ ብዙ ጊዜም ሊያጠፋው ወደ እሳትም ወደ ውኃም ጣለው፤ «ቢቻልህ ግን እዘንልንና እርዳን» ብሎ ለመነ። እዘንለት አላለም፤ እዘንልን አለ። ልጁ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ብሎ የሚለምን የለም። ጌታም ለሚያምን ሁሉ ነገር እንደሚቻል ሲነግረው ጮኾ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ።

ያ ሰባኪ ይህን ጥቅስ አንብቦ እንዴት ወደ ወቀሳ እንደ ዞረ እስከ አሁን አልገባኝም። አባትዬው እምነቴ ሙሉ ነው ብሎ አልዋሸም፤ ግማሹ እምነት ግማሹ ጥርጣሬ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። ጌታስ ምን አደረገ? ሂድና እምነትህ ሲሞላ ተመለስ አላለውም፤ ሱባዔም አላዘዘውም። በዚያው በጎደለው እምነቱ ላይ፣ ሕዝቡ እየሮጠ ሲሰበሰብ አይቶ፣ ርኩሱን መንፈስ ገሠጸና አስወጣው። አባባ፣ እርስዎ በየሌሊቱ የሚወቅሱት ያ የጎደለ እምነት በወንጌሉ ውስጥ ልጁ እንዳይድን እንቅፋት አልሆነም።

አሁን ወደዚያ ስለ ጾም ወደ ተነገረው ቃል ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ እርሱ ነውና። ያ ቃል የት ተነገረ? ለማንስ ተነገረ? ማርቆስ በግልጽ ጽፎታል፤ ወደ ቤት ከገባ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ለብቻቸው «እኛ ልናወጣው ያልቻልን ስለ ምንድር ነው?» ብለው ሲጠይቁት ነው። አባትዬው በዚያ ቤት አልነበረም፤ ሉቃስ እንደሚለው ልጁ አስቀድሞ ለአባቱ ተመልሶለታል። ስለዚህ «በጸሎትና በጦም» የሚለው ሥልጣን ተሰጥቷቸው ላልቻሉት አገልጋዮች የተነገረ የቤት ውስጥ ተግሣጽ ነው እንጂ፣ ደክሞት ልጁን ለተሸከመ ወላጅ የተጣለ ዕዳ አይደለም። እንዲያውም በ4ኛው መቶ ዓመት ከተጻፉት ጥንታውያን የግሪክ ቅጂዎች መካከል ሲናዊውና ቫቲካናዊው በዚህ ቦታ «በጸሎት» ብቻ ይላሉ። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታነበው ሁለቱንም ይዤ ልናገር፤ ጾም ቢጨመርም ቃሉ ለማን እንደ ተነገረ አይለወጥም።

ለእነዚያ አገልጋዮች ተግሣጹ ለምን እንዳስፈለጋቸው የሚያሳየውም በፊትና በኋላ ያለው ታሪክ ነው። በምዕራፍ 6 ጌታ በርኩሳን መናፍስት ላይ ሥልጣን ሰጥቷቸው ብዙ አጋንንት አውጥተው፣ ድውያንንም ዘይት ቀብተው ፈውሰው ተመልሰዋል። ትናንት የሠራው ዛሬም በራሱ የሚሠራ፣ ሥልጣኑም በእጃቸው የገባ ንብረት መስሏቸው ይሆናል። ከዚህ ውድቀት በኋላ ደግሞ በመንገድ ላይ ማን ይበልጣል ተባባሉ። ጥቂት ዝቅ ብሎ ዮሐንስ፣ አንድ ሰው በስምህ አጋንንት ሲያወጣ አይተን ስለማይከተለን ከለከልነው ይለዋል። ማውጣት ያልቻሉት እነርሱ የሚያወጣውን ከለከሉት! ጌታም «አትከልክሉት» አላቸው። ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ሸክሙን በወላጅ ጀርባ ላይ የሚጭንበት ቦታ አያገኝም።

ጌታ አጋንንትን በቃሉ ማስወጣቱን እንደ እርስዎ አምናለሁ፤ ይህን በሐኪም ቋንቋ ተርጉሜ ልሸሸው አልፈልግም። ነገር ግን የሚወድቅ ሁሉ ጋኔን ያደረበት ነው ማለት ከወንጌሉ ያለፈ ነገር መናገር ነው። ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ይጠራቸዋል። «በጨረቃ የሚነሣበት» የሚባለው ዛሬ እኛ የሚጥል በሽታ የምንለው ነው። የዚህን ብላቴና ታሪክ ሲጽፍ ማቴዎስ ራሱ በጨረቃ እየተነሣበት ይሣቀያል ይላል፤ መንፈሱም ሲወጣ ይተርካል። ወንጌላዊው ሁለቱን ቃል አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጠ፣ እኛ በእኔ ላይ የትኛው እንደ ነበረ ከእግዚአብሔር በላይ አውቀን ልንፈርድ አይገባንም።

ይህን የምለው እሳት ላይ የወደቅሁባትን የዚያችን ሌሊት ነገር አሁንም እንዳልተዉት ስለማውቅ ነው። ሁለት ሱባዔ ጠበል ስንጠመቅ ከቆየንበት ቦታ አንድ ሰው «ኪኒን የያዘ እምነት የለውም፣ ጣሉት» አለዎት፤ እርስዎም ልጅዎ እንዲድን ካለዎት ጉጉት የተነሣ ኪኒኑን አቋረጡልኝ። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው እንደሚብስ ያኔ የነገረን አልነበረም። በሳምንቱ ምድጃው ላይ ወደቅሁ። ጠባሳው በግራ ክንዴ ላይ ዛሬም አለ፤ ትንሿ ልጄ በጣቷ እየዳሰሰች «ይህ ምንድን ነው?» ስትለኝ «አያትሽ ከእሳት ያወጣኝ ጊዜ ነው» እላታለሁ። የምነግራት እውነቱን ነው። ክንዴን ከፍሙ ያወጣው እጅዎ ራሱ ተቃጥሎ ነበር፤ ያንን ግን ሰው አያይም፣ እርስዎም አያነሡትም።

ሌላም የማስታውሰው አለ። በገበያ መካከል ስወድቅ ሰዉ የሚተላለፍበት መስሎት ከአረፋዬ ይሸሽ ነበር፤ ክብሪት ጭረው አሽትቱት የሚሉም ከሩቅ ሆነው ነው። ስነቃ ሁልጊዜ ራሴ በጭንዎ ላይ ነበር፤ በጋቢዎ ጫፍ አፌን ሲጠርጉልኝ አገኝዎታለሁ። ማርቆስ እንደሚለው መንፈሱ ከወጣ በኋላ ብላቴናው እንደ ሞተ ሆነ፤ ብዙዎችም ሞተ አሉ፤ ኢየሱስ ግን እጁን ይዞ አስነሣው። ይህን ቁጥር ሳነብ ከጌታ እጅ ቀጥሎ ወደ ልቤ የሚመጣው የእርስዎ እጅ ነው። ይህን በማለቴ ድፍረት ቢሆንብኝ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ኪኒኑንም የእምነት ማነስ ምልክት አድርገው አይዩት። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ይለናል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርካችን አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እርስ በርሳቸው እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ ሲያስተምሩ እኔ ወጣት ነበርሁ፤ ያን ቀን ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣ ያህል ተሰማኝ። አሁን ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት አባታችን ሆይ ደግሜ፣ እርስዎ ከላኩልኝ ጠበል ተጎንጭቼ፣ ኪኒኔን እውጣለሁ። ከወደቅሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። በወንጌሉ እንደተጻፈው በአንዲት ቃል አልዳንሁም፤ ለምን እንደ ሆነም አላውቅም። ምክንያቱ እርስዎ እንዳልሆኑ ግን አውቃለሁ። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ኃጢአት የሠራ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁት ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ የመለሰውን እርስዎ በቃልዎ ያውቁታል፤ ለእኔ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት።

አባባ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን የታወጀውን ጾም አቅምዎ በፈቀደው ይጹሙ፤ እርሱንም ቢሆን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩበት፤ ለአረጋዊና ለደካማ እንደሚቀለል ያውቃሉና። በራስዎ ላይ የጣሉትን ይህን ሌላውን ጾም ግን ይተዉልኝ። እህቴ ዓርብ ዕለት ከደጃፉ ሲነሡ ዓይንዎ ጨልሞ ግድግዳ መያዝዎን ነግራኛለች። ለእኔ ብለው ከሆነ፣ እኔ ደህና ነኝ።

ለመስቀል ከልጆቹ ጋር እመጣለሁ። ምዕራፉን አብረን እናነብበዋለን፤ የተሳሳትሁት ካለ ያርሙኛል። እስከዚያው ግን ጠዋት ጠዋት እህቴ የምታቀርብልዎትን አጥሚት ይጠጡ፤ መጠጣትዎንም በየማታው ደውላ እንድትነግረኝ አዝዣታለሁ።

እግርዎን እየሳምሁ፣
ልጅዎ