በሁለት ፍንዳታዎች መካከል ያለው ኑሮ

ለክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ከተማችን ጸጥታ የምታወጧቸው ዘገባዎች ተኩስ ወይም ፍንዳታ በተሰማ ማግስት ብቻ መብዛታቸው፣ በመካከሉ ባሉት ቀናት ሥጋቱ በኑሯችን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሸፍኖታል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር በስብሰባ ላይ ሳሉ በተገደሉባት፣ ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለአሥር ወራት ያህል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በቆየችው ባሕር ዳር፣ ነዋሪው ጉዳዩን ሁሉ ከምሽት በፊት ለመጨረስ ይጣደፋል። እድራችን ከሐዘንተኛ ጋር የማደርን ልማድ ትቶ ድንኳኑ ሳይመሽ እንዲበተን ወስኗል። ከዘጌ በጀልባ ቡና ይዘው የሚመጡ እናቶች ከዋጋው ይልቅ የመመለሻቸው ሰዓት ያሳስባቸዋል፤ የባጃጅ ሾፌሮችም ከመሸ ምጥ የያዛትን ሴት እንኳ ለማድረስ ያመነታሉ፣ እኔም አልፈርድባቸውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ወሬው ነው። መንገድ ተዘጋ በተባለ ቅጽበት ሱቆች በራቸውን ይዘጋሉ፣ የጤፍ ዋጋ ይንራል፤ ወሬው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ግን ዋጋውን የሚመልስ ቀርቶ ወሬውን የሚያስተባብል እንኳ አይገኝም። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስዱት መንገዶች ክፍት መሆናቸውን ከሾፌሮችና ከተጓዦች እያጣራ በየእትሙ አንድ አጭር ዓምድ ቢመድብ፣ ከብዙ ርዕሰ አንቀጾች ይልቅ ይጠቅመናል። ማጣራት ባልተቻለበት ጊዜም «አልተጣራም» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

የእድር ጸሐፊ፣ ከባሕር ዳር